ሰረቀና የኪዳኔ ባንዲራ

ሰረቀ ደክሞታል። እሱ ራሱ ይህን አይናገርም፤ እንዴት ነህ ያለውን ሁሉ «ተመስገን» ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ዴንቨር አየር ማረፊያ ሲገባ፣ እስከ ቀትር የሰው አያትና የሰው እናት በዊልቸር ከጌት ወደ ጌት ሲገፋ ቆይቶ፣ ሸሚዙን መኪናው ውስጥ ቀይሮ ደግሞ ለሁለተኛ ሥራ ወደ አውሮራ ሲነዳ፣ ባይደክመው ነበር የሚገርመው። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይንቋቋል። ሚስቱ ፍሬወይኒ «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ ከሁለቱ አንዱን ልቀቅ» ማለት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ እሺ እያላት ነው።

ችግሩ፣ መልቀቅ ያለበት ሥራ የሚወደው ሆነ። አውሮራ ጫፍ ላይ ካለው ሐይቅ ዳር አንዲት ትንሽ ማሪና አለች፤ ሃምሳ ስልሳ ባለሸራ ጀልባ የሚታሰርባት። ሰረቀ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት እዚያ ዶክ የሚሉትን የጀልባ ማሰሪያ መድረክ ያጥባል፣ የላላ ገመድ ያጠብቃል፣ የወፍ ኩስ ይፍቃል። ይህን ማንም ይሠራዋል። የእሱ ብቻ የሆነው ባንዲራው ነው።

የገባበትም በባንዲራ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ከፍሬወይኒ ጋር ነፋስ ሊቀበል ሐይቁ ዳር ሄዶ፣ የማሪናዋ ምሰሶ ላይ ጫፉ ተበጣጥሶ እንደ አሮጌ መወልወያ የተንጠለጠለ ባንዲራ አየ። ዝም ብሎ ማለፍ አቃተው። ኃላፊውን ፈልጎ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ያረጀ ባንዲራ አይሰቀልም፣ ገመዱም የታሰረው ፍየል እንደሚታሰር ነው ብሎ ነገረው። ፍሬወይኒ በሀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፈረንጁ ግን ስቆ ይህን ከየት ተማርከው አለው። ሰረቀም ነገረው።

የተማረው ምጽዋ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ባሕር ኃይል ገብቶ መርከብ ላይ የምልክት ሠራተኛ ነበር። አስመራ የተማረው በአማርኛ ነው፣ መርከቡ ላይ የታዘዘው በአማርኛ ነው፣ የተሰደበውም በአማርኛ ነው። ሬዲዮ ዝም በሚባልበት ሰዓት መርከብ ከመርከብ የሚነጋገረው በባንዲራ ነው፤ አንዷን ጨርቅ አዛብቶ የሰቀለ ልጅ ቅጣቱን ያገኛታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ ማን ከማን እንደተዋጋ፣ እሱ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ሰረቀ አያወራም። የጠየቀውን ሰው «ባሕሩ ደህና ነበር» ይለዋል። የባንዲራው ሕግ ግን እንደ ዳዊት ቃል በቃል አብሮት አለ።

ሕጉ ከባድ አይደለም። ባንዲራ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ይወጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወርዳል፤ ሲወጣ በፍጥነት፣ ሲወርድ በዝግታ። ጀልባዋ የተመዘገበችበት አገር ባንዲራ ከኋላ ጫፏ ላይ ይውላል፣ የጀልባ ክበቡ ባለሦስት ማዕዘን ጨርቅ ከምሰሶው አናት ላይ። ለሐዘን ሲሆን መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣና ነው ግማሽ ድረስ የሚወርደው፤ በቀጥታ ግማሽ ላይ ማንጠልጠል ሟቹን መናቅ ነው። የሌላ አገር እንግዳ የተሳፈረ እንደሆነ የእሱ ባንዲራ ከምሰሶው ክንድ በስተግራ ይሰቀልለታል። ይኸው ነው፤ ግን ማን ይሰማል! የሐይቁ ጀልባ ባለቤት ቅዳሜ ሲመጣ ቢራውን አይረሳም፤ ባንዲራ ላይ ሲደርስ ግን አንዱ ከኋላ የከተማውን የኳስ ቡድን የብሮንኮስን ይሰካል፣ ሌላው የራስ ቅል የተሳለበትን የወንበዴ ጨርቅ፣ ሌላው ደግሞ በጋውን ሙሉ ሳያወርደው ፀሐይ በልታው ወደ ነጭነት ይሄዳል። ሰረቀ ሰው በሌለበት እየዞረ ያቃናል። አንዳንዱ ያመሰግነዋል፤ አብዛኛው መቃናቱንም አያውቅ።

ኪዳኔ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኪዳኔን ዴንቨር ውስጥ የማያውቅ አበሻ የለም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ ነድቷል፣ ሳቁም ከሌላ ሕንፃ ይሰማል። ተወልዶ ያደገው መንዝ ነው። በሱዳን በኩል ተሰድዶ እስኪወጣ ድረስ በእግር ከሚሻገሩት ወንዝ የሰፋ ውሃ አላየም። ሐኪሙ ደም ግፊትህ አላማረኝም፣ አእምሮህን አሳርፍ ቢለው፣ ሌላው ሰው በእግሩ ይንሸራሸራል፣ እሱ ሌክውድ ከሚኖር አንድ የጥርስ ሐኪም አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ገዛ። ትምህርት ቤት ገብቶም ሸራ መቆጣጠር ተማረ። ጀልባዋን በሚስቱ ስም «ብዙዬ» ብሎ ጻፈባት። ብዙዬ ራሷ ዋና አትችልም፤ የሕይወት ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ «እኔን ገድሎ ስሜን ሊያስቀር ነው» እያለች ተሳፈረች።

በመጀመሪያው ቀን ኪዳኔ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን፣ የአልጋ ልብስ የሚያክለውን፣ ከኋላ ሰቀለው። ያውም ገልብጦ፣ ቀዩ ከላይ ሆኖ። ሰረቀ ከዶኩ ጫፍ አይቶ ደሙ ፈላ፤ ሄዶም ይህ እዚህ ቦታ አይሰቀልም አለው። ኪዳኔ አነጋገሩን ሰምቶ ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ ገባኝ፣ አንተ የወዲያ ማዶ ሰው ስለሆንክ ባንዲራዬ ከነከነህ አለው። ሰረቀም ቢሆን አፉን አልያዘም፤ ባንዲራህን ዘቅዝቀህ መስቀልህ ከእኔ ይልቅ አንተን ሊከነክንህ ይገባ ነበር አለው። ኪዳኔ ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ያንን ሳቁን ለቀቀው፤ ሰረቀም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

ወዳጅነታቸው እንዲህ ተጀመረ። ሰረቀ ባንዲራዋን በትንሽ አስለውጦ ከምሰሶው ክንድ በስተግራ፣ ከእንግዳው ቦታ አሰቀላት፤ ከኋላ የአሜሪካን። በገዛ ጀልባዬ እንግዳ ልባል ነው ወይ ብሎ ኪዳኔ አንድ ሳምንት ተከራከረ፤ ተረታ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። የሚያወሩት ስለ ገመድ፣ ስለ ጉልበት መድኃኒት፣ ስለ ኪዳኔ ልጅ ስለ ሶሲና አማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ ስለ መመለሷ ነው። ሰረቀ በዚህ ዕድሜው ወዳጅ አገኛለሁ ብሎ አልጠበቀም ነበር።

ያኔ ነው ትልቁን ሕግ ለባልና ሚስቱ ያስተማራቸው። ውሃ ላይ የተገለበጠ ባንዲራ ድረሱልኝ ማለት ነው። የጥንት መርከበኞች ምልክት ነው፤ አይቶ ያልደረሰ መርከበኛ ሰው አይባልም። ብዙዬ ከልቧ ሰማች። ኪዳኔ ግን ኪዳኔ ነው፤ በሳምንቱ ዶኩ ላይ እንደታሰረ ባንዲራዋን ሆን ብሎ ገለበጣትና ጠበቀ። ሰረቀ በዚያ ጉልበቱ እየሮጠ ደረሰ። ኪዳኔ አንድ ብርጭቆ ሻይ ዘርግቶለት፣ ሻይ ብቻዬን መጠጣት ከብዶኝ ነው፣ ይኸ ችግር አይደለም እንዴ አለው።

ሰረቀ ሰደበው። ሻዩን ግን ጠጣ። እንዲህ እንዲህ ሲል ልማድ ሆነ። ሦስት በጋ ሙሉ፣ ቀዩ ወደ ላይ ከሆነ ኪዳኔ ወሬ አምሮታል ማለት ነው። ገመዷን የምትስበው ብዙዬ ናት፤ ባሏ ሲጠቅሳት እየሳቀች ትዘቀዝቃለች። ሰረቀ ከሩቅ እጁን ያነሳል፤ አየሁ ማለቱ ነው። እነሱም ያቃኑታል። ኋላ ላይ ሐይቁ መሃል ሆነውም ጀመሩት፤ ስንመለስ ጠብቀን ለማለት። ባሕር ኃይል ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ይታሰሩበት ነበር። ሰረቀ ይህን ያውቃል፤ አውቆ ነው የተወው። ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ለሚውል ሰው ሌላ የሚያስቀው ነገር አልነበረውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ነገሩ የሆነው መስከረም ላይ፣ ረቡዕ ቀን ነው። በዋዜማው በጣለው በረዶ የተነሳ በረራ ሁሉ ተዛብቶ፣ ሰረቀ ከማለዳ እስከ ቀትር ሃያ ሁለት ሰው ገፋ። አንዲት ሴትዮ አውሮፕላኗ ስላመለጣት ሰው ፊት ጮኸችበት፤ ይቅርታ ብሏት ሌላዋን ሊያመጣ ሄደ። ምሳ ሳይቀምስ ወደ ሐይቁ ነዳ። እዚያ ፀሐይ ወጥታለች፣ ነፋሱ ለስላሳ ነው፣ የሥራ ቀን ስለሆነም ሰው የለም፤ ኃላፊውም ለጉዳይ ከተማ ሄዷል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰረቀ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ሲዘረጋ፣ ዓለም ቢገለበጥ ከዚህ አልነሳም አለ።

ቀና ሲል የኪዳኔን ጀልባ ሐይቁ መሃል አያት። ባንዲራዋ ቀይ ወደ ላይ ነው።

«ዛሬስ አልችልም፣ ኪዳኔ» አለ ለራሱ።

እጁን አላነሳም። እጁን ካነሳ፣ ሲመለሱ ከጀልባዋ ገብቶ መቀመጥ አለ፣ ወሬ መስማት አለ፣ መሳቅ አለ። ለመሳቅ የሚሆን አቅም አልነበረውም። ወዳጁን ይወደዋል፤ ግን ሰው የሚወደውንም ሰው የማይፈልግበት ቀን አለው። ባንዲራዋ ዓይኑ ውስጥ እየገባች ስታስቸግረው ተነስቶ ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ ዕቃ ቤቱ አደረገ። በተከፈተው በር የግድግዳው ሰዓት ይታያል፤ ዘጠኝ ከአምስት።

ቢተኛ ኖሮ ደግ ነበር። አልተኛም። ነቅቶ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ባዶ ባልዲና የተጠቀለለ ገመድ እያየ ተቀመጠ። አንድ ሁለት ጊዜ አሁን ያቃኑታል ብሎ አሰበ። ዞሮ ግን አላየም።

ለአሥር አምስት ጉዳይ ሲሆን ውሃ ሊጠጣ ተነሳና ዓይኑ ወደ ሐይቁ ሄደ። ባንዲራዋ አልተቃናችም። የኪዳኔ ቀልድ ደግሞ አሥር ደቂቃ አይዘልቅም፤ እጅ ካልተነሳለት ሰልችቶት ይተወዋል። ጀልባዋ ወደ ሐይቁ ግድብ ድንጋይ ተንሸራታለች፣ ሸራዋም ያለ ያዥ ወዲያና ወዲህ ይንፈራፈራል። ሸራ ሲንፈራፈር ኪዳኔ አይወድም፤ የእኔን ቆዳ የሚቀድዱት ይመስለኛል ይል ነበር። ሰረቀ እጁን አነሳ። መልስ የለም። ሁለቱንም እጁን አነሳ። የውሃውን ኩባያ ጥሎ ወደ ማሪናዋ ሞተር ጀልባ ሮጠ።

ሲደርስ ኪዳኔ ጀልባዋ ወለል ላይ ተጋድሟል። አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፣ ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወድቋል፣ ዓይኑ ግን ክፍት ነው። ብዙዬ ራሱን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ከጩኸት ብዛት ድምፅዋ ተዘግቶ ትንፋሽ ብቻ ሆኗል። ኋላ እንደተናገረችው፣ ገና ከመሃል ሲደርሱ ራሴን አለና ወደቀ፤ ሲወድቅ ስልኩ ከእጁ አምልጦ ውሃ ገባ። የእሷ ስልክ መኪና ውስጥ ነው፤ አንዱን ባለፈው በጋ ሐይቁ በልቶባት ሁለተኛ አላወጣም ብላ ነበር። ሞተሩን አስነሺ ቢሏት አታውቅበትም፣ ሸራውም እንደዚያው። የምታውቀው አንዲት ገመድ ነበረች። እሷኑ ሳበች። ታንኳ የሚቀዝፍ አንድ ፈረንጅ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጮኸችለት፤ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ነበር፣ እጁን አውለብልቦላት አለፈ።

አምቡላንስ መጣ፣ ሆስፒታል ገቡ። ደም ራሱ ውስጥ ረግቶ ነው አሉ። ሌሊቱን አልፎ በማግስቱ ዶክተሯ ወጥታ፣ ይተርፋል፤ ቀኝ ጎኑና አንደበቱ ግን መቼ እንደሚመለስ፣ ይመለስም እንደሆነ አላውቅም አለች። በዚህ በሽታ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት አለች። ይህን ያለችው ለብዙዬና ለልጃቸው ለሶሲ ነው። ሰረቀ ከኋላቸው ቆሞ ነበር፤ እንግሊዝኛው ለዚህ አላነሰውም።

ሶሲ ዞራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና «ጋሼ፣ ዩ ሴቭድ ማይ ዳድ»፣ አባቴን አተረፍክልኝ ብላ ትከሻው ላይ አለቀሰች። ሰረቀ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት። ብዙዬ ለሚመጣው ሁሉ፣ በኪዳኔ አልጋ ግራና ቀኝ ለተቀመጠው ጠያቂ ሁሉ፣ ጋሽ ሰረቀ ባንዲራውን አይቶ ወዲያው ደረሰልን፣ ዓይኑ እንደ ንስር ነው፣ እሱ ባያስተምረን ኖሮ አልቆልን ነበር እያለች ትናገራለች። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። እሑድ አባ መልከጼዴቅ በስብከታቸው መሃል፣ ምልክት አይቶ የነቃ ወንድም አለን ብለው እጃቸውን ወደ እሱ ሲዘረጉ ሕዝቡ እልል አለ። ሰረቀ አንገቱን ደፋ። ትሑት ነው ተባለ።

ማታውኑ ለፍሬወይኒ ነገራት። ሰሃን እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋች።

«ተኝቼ ነበር በል» አለችው።

«አልተኛሁም።»

«አውቃለሁ አልተኛህም። በል ነው የምልህ። ደክሞህ መተኛት ማንም ይቅር የሚለው ነገር ነው።» ሰሃኗን አስቀመጠች። «ከዚያ ደግሞ ለብዙዬ ብትነግራትስ ምን ትጠቀማለች? ሸክምህን አውርደህ እሷ ላይ ልትጭን ነው? ሰውዬው ላይነሳልህ!»

ሰረቀ ሁለት ሳምንት ለማንም ሳይተነፍስ ቆየ። አየር ማረፊያ ይገባል፣ ይገፋል፣ ሐይቁ ይሄዳል፣ ይጠርጋል። ወንበሯን ግን ከደጃፉ አንስቶ ዕቃ ቤት አስገባት፤ ከእንግዲህ ቆሞ ነው የሚያርፈው። የሚበላው አይጣፍጠውም። የሚያስፈራውን ያውቀዋል፤ ለብዙዬ ብነግራት አጣቸዋለሁ፣ ኪዳኔም ያንን ዓይኑን ከእኔ ላይ ያነሳል ብሎ ነው። ካልነገራት ደግሞ በየመንገዱ የሰው ምስጋና ሲቀበል ሊኖር ነው፣ እንደ ሌባ። ሁለቱንም ሲያስባቸው ይደክመዋል።

ማሪናዋ ውስጥም ጉድ ፈላ። የጀልባ ባለቤቶች ወሬውን ሰምተው ባንዲራቸውን ማቃናት ጀመሩ። ስምንት ዓመት ያልሰሙትን በአንድ ሳምንት ሰሙ። ብሮንኮስ ከኋላ ወረደ፣ የራስ ቅሉም ተጠቅልሎ ገባ። ኃላፊው ደስ ብሎት፣ ቅዳሜ ለሁሉም ስለ ባንዲራ ሥርዓት አንድ ሰዓት ታስተምርልናለህ አለው። ሰረቀ አልችልም ቢል ይኸ ትሕትናህ አለው። እምቢ ለማለትም ምክንያት ያስፈልጋል፤ ያለው ምክንያት ደግሞ የማይነገረው ነው።

ቅዳሜ ሠላሳ ያህል ሰው ዶኩ ላይ ተቀመጠ። ሰረቀ ስለ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ስለ ፀሐይ መጥለቂያ፣ ስለ ግማሽ ምሰሶ፣ ስለ እንግዳ ቦታ ነገራቸው። ሰዉ ይጽፋል። ስለ ተገለበጠው ሲደርስ ድረሱልኝ ማለት ነው ብቻ ብሎ ሊያልፍ ፈለገ። አንዲት ፀጉሯ የነጣ አሮጊት እጇን አውጥታ፣ እንደዚያ ተገልብጦ ብናይ ምን ያህል መጠበቅ አለብን፣ ባለቤቱ ተሳስቶ ሰቅሎት እንደሆነስ ብላ ጠየቀችው። ጥያቄዋ ከልብ ነው።

ሰረቀ ሴትዮዋን አያት። «አይጠበቅም» አለ። «ተሳስቶም ቢሆን፣ ቀልዶም ቢሆን፣ ይኬዳል።» አጨበጨቡለት። እሱ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ እንኳ ሳያጣጥፋቸው ወደ መኪናው ሄደ።

ኪዳኔን በዚያ ሳምንት ዴንቨር ወዳለ ማገገሚያ ቤት አዛውረውት ነበር። ሰረቀ ሲደርስ ብዙዬ ኮሪደሩ ላይ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ከቤት የመጣውን ምሳ ከሳህኑ እየቆነጠረች ሳትበላው ትነካካዋለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥር ዓመት አርጅታለች። የኪዳኔ ክፍል በር ከፈት ብሏል፤ ሰረቀ ሄዶ በቀስታ ዘጋውና መጥቶ አጠገቧ ቆመ። መቀመጥ አልቻለም።

«ብዙዬ፣ ባንዲራውን ወዲያው አይቼው ነበር» አላት። «ቀልዳችሁ መሰለኝ። ደክሞኝ ነበር። ሃምሳ ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።»

ብዙዬ ሳህኑን ከደነችው። ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ሰረቀ» አለች።

ሰረቀ የሰማውን አላመነም።

«የኪዳኔ አቅርቦ ማያ መነጽር ጀልባው ውስጥ ነበር። አይተኸን እንደሆነ ልወቅ ብዬ በእሱ ፈለግኩህ። ቀና ብለህ አየኸን። ከዚያ ተነሳህ፤ መጣልን ብዬ እልል ልል ነበር። ወንበርህን አዞርክ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የሚታያት ያ ጀርባ መሆኑን ነገረችው። የእሱ መኪና ፓርኪንግ ሲገባ ባየች ቁጥር ፊቷን ከመስኮቱ እንደምታዞር ነገረችው። ራሷንም አልማረችም፤ ሦስት በጋ ሙሉ እየሳቀች የዘቀዘቀችው በራሷ እጅ ነው። ግን አልተቀየምኩህም ብልህ ዋሸሁህ፣ ተቀይሜሃለሁ፣ መቼ እንደሚለቀኝም አላውቅም አለችው። ሰረቀ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማት። ይህን ሁሉ ጊዜ የፈራው ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚሁ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ሲያመሰግነው ኖሯል።

«ታዲያ ለምን» አለ። «ለምን ለሰው ሁሉ ወዲያው ደረሰልን አልሽ?»

«ለሰው መሰለህ የተናገርኩት?» አሁን ቀና ብላ አየችው። «ኪዳኔ ይሰማል። መናገር ነው ያቃተው እንጂ ሁሉን ይሰማል። እዚያ ወለል ላይ ወድቆ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቅል ሲለኝ፣ ሰረቀ አይቶናል፣ እየመጣ ነው አልኩት። ወንበርህን ካዞርክ በኋላም እየመጣ ነው አልኩት። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ እየመጣ ነው አልኩት። እሱን ይዞ ነው ነፍሱ የቆየችው። ዛሬም የያዘው እሱን ነው።»

ነርስ መድኃኒት የጫነ ጋሪ እየገፋች አለፈች፤ ሁለቱም እስክታልፍ ጠበቁ።

«ለእሱ አትነግረውም» አለችው ብዙዬ። «መቼም። ልብህ ቀለል እንዲለው ብለህ መጥተህ ከሆነ፣ አይቀልህም። ይህን እኔና አንተ ይዘነው እንኖራለን።» ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች። «በል ግባ። ከጠዋት ጀምሮ በሩን በሩን ያያል።»

ሰረቀ ገባ። ኪዳኔ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሲያየው ግማሽ ፊቱ በራ፣ ግማሹ እንዳለ ቀረ። ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ሰረቀ ያዘው። ኪዳኔ ጨበጠና አልለቅም አለ፤ የዚያ እጅ ጉልበት ገና አልሄደም ነበር።

ብዙዬ ከበሩ ላይ ቆማ ለባሏ «መጣ እኮ፣ እንዳልኩህ» አለችው።

ኪዳኔ መልሱን ከሰረቀ የሚጠብቅ ይመስል ዓይኑን ፊቱ ላይ ተከለ።

«አዎ» አለው ሰረቀ። «መጣሁ።»